ሰባት ደኅና ጥርስ

የደጊቱ አፍ መቃጠል የጀመረው ከባሏ ከሐብቴ በተፋታች በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ታኅሣሥ ነበር፤ በቡሬ ገጠር ታኅሣሥ ማለት ሰው ሁሉ በርበሬ ሲለቅምና ሲያሰጣ የሚውልበት ወር ነውና በርበሬ በነካ እጇ ሳታውቅ አፏን የነካች መሰላት። ተጉመጠመጠች። እርጎ ያዘችበት። የምላሷ ጫፍ፣ ላንቃዋና የታችኛው ድዷ ዙሪያውን ይነድዳል፤ ጎረቤቷ አፏን አስከፍታ ብታይ ግን ቁስል የለም፣ እብጠት የለም፣ ቅላት እንኳ የለም። «እንዲያው ነው፣ ይተውሻል» አለቻት። ስምንት ዓመት አልተዋትም።

ፍቺው የውሸት ነበር። ይህን ነገር ከሥሩ ያልሰማ ሰው ደጊቱን ሞኝ ይላታልና ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

በ1989 ዓ.ም. በጎጃም መሬት እንደገና ሊደለደል ነው ተባለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ ወይም ዳኛ የነበረ ሁሉ «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ወጣለት። ቃሉን ይዘው የመጡት ካድሬዎች ናቸው፤ ገበሬው ትርጉሙን ባያውቀውም ጉዳቱን ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ቢሮክራሲ የተባለ ሰው ከነቤተሰቡ አራት ጥማድ መሬት ብቻ ይቀርለታል፣ የተረፈው ይወሰድበታል። ሐብቴ ሦስት ዓመት የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር። ሹመቱን ፈልጎ አልነበረም፤ በቀበሌው አንድ ደብዳቤ አስተካክሎ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ በግድ ነው ያስቀመጡት፤ ከሹመቱም ያተረፈው የሰው ጥላቻ ብቻ ነው። ይህን ግን ማን ይሰማዋል። የያዘው መሬት አሥር ጥማድ ነበር፤ ስድስቱ ወንዝ ዳር ያለ፣ በርበሬም በቆሎም የማይነፍግ መሬት።

በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባላል። ሐብቴም አልቀለደም፤ ተጨንቆ አስቦ ርስቱን በሚስቱ ሊያድን ቆረጠ። የተፈታች ሴት ራሷን እንደቻለች ተቆጥራ በስሟ ድርሻ ታገኛለች ተብሏል። ስለዚህ ደጊቱ ሰማንያዋን ቀድዳ ወንዝ ዳር ያለውን ስድስት ጥማድ በስሟ ትይዛለች፣ እርሱ አራቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ነገሩ ሲበርድ ሰማንያቸውን መልሰው ያስራሉ። ይህን ብልሃት ያገኘው እርሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በዚያ ወር ግን ሃያ ዓመት ተፋቅረው የኖሩ ሰዎች በየሽማግሌው ፊት እየቆሙ «አልተስማማንም» ማለት አበዙና የድልድሉ ኮሚቴ ነቃ። የወረቀት ፍቺ አንቀበልም አለ። ሰው አምኖ የሚውጠው ምክንያት ያስፈልግ ነበር።

«ይደበድበኛል በያቸው» አላት ሐብቴ።

ደጊቱ መጀመሪያ ሳቀች። በአሥር ዓመት ትዳሯ እንኳን በትር ክፉ ቃል ቀምሳ አታውቅም። ይህ በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሴቶች ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ፣ የክንዳቸውን ሰንበር እየገለጡ ሲያማርሩ፣ ደጊቱ የምታሳየው አጥታ አንገቷን ደፍታ ታጥባለች፤ በሆዷ ግን ትኮራለች። ከእናቷ ቤት ያመጣችው ሀብት የለም፣ መልኳም እንደ ነገሩ ነው፤ የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያ ነበር። ሐብቴ እንድትሰጠው የጠየቃት እርሱን ነው፣ እርሷም ለልጇ እንጀራ ስትል ሰጠችው።

ስድስት ሽማግሌ፣ ሦስት ከእርሱ ሦስት ከእርሷ ወገን፣ ከቀበሌው ሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ደጊቱ ይመታኛል ብላ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ምንም አልመሰላቸውም። ሚስቱን ያልመታ ማን አለ፣ ይልቅስ ሁለተኛ አልመታም ብሎ ይማልልሽና ታረቂው ብለው ሊያስታርቋት ዳዳቸው። የሐብቴ ፊት ዐመድ መሰለ። ያኔ ነው ደጊቱ ማንም ያላስጠናትን ነገር ከራሷ የጨመረችው።

«ነፍሰ ጡር ሁኘ በርግጫ መትቶ አስወርዶኛል» አለች።

ጽንሱ የወረደው በራሱ ነበር። ያን ቀን ሐብቴ ቃሬዛ ተሸካሚ ሰው እስኪሰበሰብ መታገሥ አቅቶት፣ ግማሹን መንገድ በጀርባው አዝሏት ነው ቡሬ ጤና ጣቢያ ያደረሳት፤ እያለቀሰ ነበር የሚሮጠው። ደጊቱ ያንን ጀርባ እያሰበች ነው ይህን የተናገረችው። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ወዲያ ታረቂው አላሏትም። ሐብቴም መሬት መሬት አየ። ሰማንያው በዚያው ቀን ተቀደደ፣ በፍቺው ወረቀት ላይ ማኅተም ተመታ፣ መሬቱም ተረፈ። ያላሰቡት ነገር ቢኖር የስምንት ዓመቷን እፀገነትን ነው። አንዲት ልጃቸው የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ልጅ ደግሞ ያወራልና እውነቱ አይነገራት ተባለ።

ሐብቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ደጊቱ ቶሎ በተገላገለችው። ፈሪ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በገበያ መንገድ ሲያገኛት ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ ብሎ፣ ትንሽ ታገሽ፣ ይኸ ነገር ይለፍ ይላት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ የምር ከተፋቱ ሐብቴ ምነው ወንደላጤ ሆኖ ቀረ ተባለ። ስለዚህ ለወሬ መዝጊያ ሸጋዬ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። ይህም የወረቀት ነው ብሎ ለደጊቱ ማለላት። የሸጋዬን ማሕፀን ግን የወረቀት መሆኑን የነገረው አልነበረም መሰል፣ በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሁለት ዓመት ቆይታ ደገመች። ከዚያ ወዲያ ሐብቴ ደጊቱን ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይር ጀመር።

አፏ የነደደው በዚህ ሁሉ ዘመን ነው። ሕመሙ ጠዋት ለዘብ ይላል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይበረታል፣ አመሻሽ ላይ ምላሷን ነቅላ ብትጥለው ትወዳለች። በበርበሬ አገር በርበሬ መቅመስ ተሳናት፤ በርበሬዋን ለቅማ አድርቃ ለቡሬ ነጋዴ ትሸጥና እርሷ አልጫ ትበላለች። ቆይቶ ጥርሷም ይጠዘጥዛት ያዘ፤ ከእንቅልፏ ስትነሣ ሌሊቱን ሙሉ ጠጠር ስታኝክ ያደረች ይመስል ጉንጯ ዝሎ ይጠብቃታል። የጥርስ ትል ነው አሏትና የእንቧይ ፍሬ ፍም ላይ አድርገው አፏን አስከፍተው አጠኗት። የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። ሁለት ሱባዔ ጠበል ገባች፤ ጠበሉ አፏ ውስጥ ሳለ ያቀዘቅዛታል፣ ስትውጠው መልሶ ይነድዳል።

በመጨረሻ ክንዱ ዘንድ ሄደች። ክንዱ በደርግ ጦር ውስጥ ቁስል አጣቢ የነበረ፣ አሁን በቡሬ ገበያ ጥግ በጉጠት ጥርስ የሚነቅል ሰው ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ የቱ ነው ይላል፣ የጠቆሙትን ይነቅላል። ደጊቱ የመጀመሪያውን ያስነቀለችው በሸጋዬ ሠርግ ማግሥት ነው። ሦስት ቀን እፎይ አለች፤ የቁስሉ ሕመም ቃጠሎውን ሸፍኖላት ነበር። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ተሻገረ። ሁለተኛውን የሸጋዬ ልጅ ክርስትና በተነሣ ሳምንት አስነቀለች። እንዲህ እንዲህ እያለ በስምንት ዓመት ሰባት ጥርስ ወጣላት፤ ክንዱም ደንበኛዬ ነሽ ብሎ የመጨረሻውን በቅናሽ ነቀለላት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላል የአገሩ ሰው። ይህን የተረተው ሰው ውሸቱን ሌላ ሰው የተሸከመለት መሆን አለበት። ደጊቱ ላይ እያደር ከበደ፣ ምክንያቱም እፀገነት አደገች። ጎበዝ ተማሪ ወጥታት ቡሬ አሥረኛ ክፍል ደረሰች። ለእናቷ የምትሳሳ ልጅ ናት፤ ለአባቷ ግን የእግዜር ሰላምታ አልነበራትም። አንድ ፋሲካ ከደጀ ሰላሙ ላይ ሐብቴ እጁን ዘርግቶ ቢጠጋት፣ የወንድሜን ደም በእግርህ አፍስሰህ ትጨብጠኛለህ ወይ ብላው በሰው ፊት አለፈች። ሴቶቹ የእናቷን ደም መላሽ ብለው አመሰገኗት። ደጊቱ አጠገቧ ቆማ ነበር። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው ይኸ ነው፤ በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብትተነፍስ ይበቃ ነበር፣ አፏ ግን አልታዘዝ አላት። ስድስተኛው ጥርስ የዚያ ሳምንት ነው።

ከዚያ ወዲህ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ሐብቴ ይመለስልኝ ማለቱን ትታዋለች። ከዓለም ሰው ሁሉ ልጇ ብቻ፣ እናቷ ተከብራ የኖረች ሚስት እንደነበረች፣ አባቷም እጁን አንሥቶባት እንደማያውቅ እንድታውቅላት ነበር የምትፈልገው። ግን መሬቱስ። ነገሩ ከተሰማ ስድስቱ ጥማድ ይወሰዳል፣ ልጅቷ የምትማረው ደግሞ በዚያ መሬት በርበሬ ነው። ሦስት ጊዜ ልትነግራት ጀምራ ሦስት ጊዜ ዋጠችው።

በ1997 ዓ.ም. ለየገበሬው አረንጓዴ የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነው ተብሎ ሜትር የያዙ ለኪዎች በየማሳው መዞር ሲጀምሩ የደጊቱ አፍ ከመቼውም የባሰ ሆነ። ውኃ መዋጥ እንኳ ፈተና ሆነባት። እፀገነት አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀርታ እናቷን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰደቻት። ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ በጋሪ ሄዱ፤ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ደጊቱ ጉንጯን በሁለት እጇ ትይዝ ነበር።

የጥርስ ባለሙያው ምሥጋና የሚባል ከወሎ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ካርዷን ከማየቱ በፊት ፊቷን አየና ስድሳ ዓመት ይሆንዎታል ወይ፣ እናቴ፣ ብሎ ጠየቃት። ሠላሳ ዘጠኝ ነው ብላ መለሰችለት እፀገነት፣ ቆጣ ብላ። ልጁ አፈረ። ካፈረ በኋላ ግን ሥራውን በወጉ ሠራ። ምላሷን በመብራት አየ፤ ጉንጯንና መንጋጋዋን በጣቱ እየተጫነ የት ላይ እንደምትሸሸው ተመለከተ፤ ደም አስመረመራት፣ ደም ማነስም ስኳርም የለባትም። ከምሳ በኋላ ውጤቱን ይዘው ሲመለሱ ደጊቱ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ በጨርቅ የቋጠረቻቸውን ሰባት ጥርሶች አወጣችለት። አንድ ቀን ሐኪም ቢያያቸው ብላ ነበር ያስቀመጠቻቸው። ምሥጋና ወረቀት ዘርግቶ አንድ በአንድ እያገላበጠ ደረደራቸው።

«እነዚህ ደኅና ጥርሶች ናቸው፣ እናቴ» አለ። «ሰባቱም ደኅና ናቸው። አንዱም አልተበላም።»

«ታዲያ ምኔን ነው ያመመኝ የኔ ጌታ?» አለች ደጊቱ። «ውሸቴን ነው እንዳትለኝ።»

ውሸት እንዳልሆነ ነገራት። ሕመሙ እውነት ነው፣ ጥርስ ውስጥ አይደለም እንጂ። ሰው ብዙ ጊዜ ተጨንቆ መተንፈሻ ሲያጣ ጭንቀቱ በሰውነቱ በኩል ይወጣል አላት፤ አንዱን ሆዱን ይይዘዋል፣ አንዱን ራሱን ይፈልጠዋል፣ አንዳንዱን አፉን ያነድደዋል። ሌሊት ጥርሷን ታፋጭ እንደሆነ ጠየቀ። እፀገነት ወፍጮ የሚፈጭ ነው የሚመስለው አለችው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ነው የምተኛ። ምሥጋና ራሱን ነቀነቀ። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፣ እንቅልፍዎን ያስተካክልልዎታል፤ ግን መድኃኒቱ ግማሽ መንገድ ነው አላት። ግማሹን የምትሄደው ራሷ ናት። ምን እንደሆነ ለእርሱ መንገር የለባትም፣ ለምታምነው ለአንድ ሰው ግን ትንገር፤ እንደሚያድናት ቃል አይገባም፣ እንዲህ አድርገው የቀለላቸው ሰዎች ግን አይቷል።

ደጊቱ አፏን ከፈተች። እፀገነት ቀደመቻት።

«እኔ ልንገርህ» አለችው። «አባቴ ነው። ይደበድባት ነበር። ነፍሰ ጡር ሳለች በርግጫ መትቶ አስወርዷታል።»

ምሥጋና ቀና ብሎ ደጊቱን በሐዘኔታ አያት፣ ከዚያ አጎንብሶ ጻፈ። ደጊቱ ማንበብ አትችልም፤ የሚጽፈውን ግን አወቀችው። ሾላው ሥር የተናገረችው ቃል ሐኪም ካርድ ላይ ገባ። እዚያው ክፍል ውስጥ ምላሷ እንደ ፍም ጋለ።

መናኸሪያ ተመልሰው የቡሬው ሚኒባስ እስኪሞላ ከአንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ደጊቱ መሬቱንም፣ ደብተሩንም፣ ለኪዎቹንም አሰበች። ከዚያ ይውሰዱት አለች በልቧ። ስድስት ጥማድ ይዤ ልጄ ሳታውቀኝ ልሞት ነው ወይ አለች።

«እፀ» አለቻት፣ «አባትሽ መትቶኝ አያውቅም።»

ሁሉንም ነገረቻት። ድልድሉን፣ የወረቀቱን ፍቺ፣ ማን ምን በይ እንዳላትና እርሷ ከራሷ ምን እንደጨመረች፣ አንዱን ሳታስቀር። ስምንት ዓመት ስታጠራቅመው የኖረችው ነገር አንድ ሚኒባስ ሳይሞላ አለቀ። እፀገነት የእናቷን እጅ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስትመልስ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፣ ትንሽ ልጅ እንደምታባብል።

«እማ፣ በትምህርት ቤት በሴቶች ክበባችን መምህራችን አስተምራናለች። የተመታች ሴት የመታትን ሰው ትሸፍናለች፣ ጥፋቱን ወደ ራሷ ታዞራለች። እኔ አልፈርድብሽም።»

«መች ሸፈንኩት ልጄ። አዝሎኝ ነው ቡሬ ያደረሰኝ፣ እያለቀሰ።»

«ከመታ በኋላማ ማዘሉ አይቀርም» አለች እፀገነት።

 ልጇ እንዲህ ስታዝንላት ማየት ለደጊቱ ከጥላቻ የባሰ ነገር ሆነባት። በመጨረሻ፣ እንግዲያው ሂጂና እርሱን ጠይቂው፣ ዓይኑን እያየሽ ጠይቂው አለቻት። ይህን ስትል ጥርጣሬ አልነበራትም። ሐብቴ ለኮሚቴ ይዋሻል፣ ለሽማግሌ ይዋሻል፣ ለእርሷም ዋሽቷታል፤ የገዛ ልጁ መጥታ እናቴን መትተሃታል ወይ ስትለው ግን መታሁ ይላል ብላ እንዴት ታስብ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት እፀገነት መስኩን ተሻግራ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ደጊቱ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ በቆሎ ስትፈለፍል ቆየች። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ታወቃት። አፏ አይነድድም። ምላሷን በላንቃዋ አሻሸችው፤ ምራቋን ዋጠች፤ ምንም የለም። የሆነ ነገር እንዳታስቀይም የፈራች ይመስል ሳትነቃነቅ ተቀመጠች። ሐኪሙ ልክ ነው፣ ስትል አሰበች፣ ይኸ ልጅ ነቢይ ነው። እፀገነት ስትመለስ ቀይ ወጥ እሠራላታለሁ፣ አብረን እንበላለን ብላ ቆረጠች። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተመኘችውን ነገር ተመኘች።

እፀገነት እኩለ ቀን ላይ ተመለሰች። ዓይኗ አብጧል። ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ራሷን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«አመነ» አለቻት። «መትቻታለሁ አለኝ። ርግጫውንም አመነ። አለቀሰ፣ እማ። ወጣትነት ነው፣ ሰይጣን ነው አለኝ። በነገው ሰንበት በሽማግሌ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ አለ።»

የሐብቴን ነገር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በዚያ ሳምንት ለኪዎቹ ማሳው ላይ ደርሰው ነበር፤ የእርሱና የሸጋዬ ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ ሊለጠፍ ነው። ፍቺው የውሸት ነበር ቢል ሸጋዬ ምኑ ናት፣ ልጆቿስ የማን ናቸው፣ መሬቱስ ምን ሊባል ነው። መትቻለሁ ቢል ግን ምን ይሆናል? በዚያ አገር ሚስት መምታት መሬት አያስነጥቅም። ከሁለቱ ኃጢአት ርካሹን መርጦ ገዛ። እንባው ግን እውነተኛ እንባ ነበር፤ የሚያስለቅሰው ሌላ ነገር ስለነበረ።

ደጊቱ የልጇን ጠጉር እየዳበሰች ቁጭ እንዳለች ቃጠሎው ከምላሷ ጫፍ ተነሥቶ ላንቃዋን ዞሮ ድዷ ላይ ሠፈረ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይበተን ቆየ። የደጊቱ የነፍስ አባት መምሬ ወልደ ዮሐንስና ሦስት ሽማግሌዎች ከግቢው አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሐብቴ በአገሩ ወግ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል። ፊቷ ሲደርስ ቆመና፣ በድዬሻለሁ፣ በእጄም በእግሬም መትቼሻለሁ፣ ስለ እመ ብርሃን ብለሽ ይቅር በይኝ አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።  እፀገነት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

«በይ ደጊቱ፣ ልጄ» አሏት መምሬ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ በይው፣ ድንጋዩን ያውርድ።»

«ምኑን ይቅር ልበለው፣ አባ?» አለች ደጊቱ። «አልመታኝም። አንድ ቀንም መትቶኝ አያውቅ።»

 ሐብቴ ከድንጋዩ ሥር ዓይኑን አነሣ፤ በዚያ ግቢ ካለው ሰው ሁሉ የሰማት እርሱ ብቻ ነበር። ከዚያ መልሶ ዓይኑን ሰበረ። መምሬ ወልደ ዮሐንስ ቀስ ብለው ተነሡ፣ መስቀላቸውንም ያዙ።

«ሰማችሁ ወይ ሕዝበ ክርስቲያን» አሉ። «እኛ ይቅር በይው አልን፣ እሷ በደሉን እንኳ ካፏ ማውጣት ተጸየፈች። አልተደረገም አለች። እንዲህ ያለ ይቅርታ እኔ በዕድሜየ አላየሁም።»

ደጊቱ አቋረጠቻቸው። እውነቴን ነው አባ፣ ጽንሱም በራሱ ነው የወረደው፣ አዝሎ ቡሬ ያደረሰኝ እርሱ ነው፣ የተፋታነውም ለመሬት ብለን ነው ብላ ልትጨርስ ስትል ከሴቶቹ በኩል እልልታ ተነሣና የመጨረሻውን ቃል ዋጠው። አንድ ሽማግሌ እንባውን በጋቢው ጠረገ። መምሬ በቃሽ ልጄ፣ በቃሽ፣ እግዜር አይቶልሻል እያሉ በመስቀሉ ግንባሯን፣ ቀጥሎም አፏን ባረኩላት። ብረቱ ለአንድ አፍታ ቀዘቀዛት። ሐብቴ ድንጋዩን አወረደ። እፀገነት በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አባቷ ሄዳ ጉልበቱን ሳመች፣ እርሱም አቅፎ አነሣት። ልጁን ያልሠራውን ኃጢአት ተናዝዞ መለሳት፤ ደጊቱ ደግሞ እውነት ተናግራ የቅድስና ስም አተረፈች።

ወደ ቤት ሲሄዱ እፀገነት የእናቷን ክንድ ይዛ ነበር። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣ እየተፍለቀለቀች ትራመዳለች፤ ጥላቻ ለካ ለዚህች ልጅም ሸክም ኖሯል። አባዬ ጠጉሩ ሁሉ ሸብቷል አለች። አባዬ ለደብተር መግዣ ልስጥሽ አለኝ አለች። ደጊቱ ታዳምጣለች። አሁን ቆማ እንደገና ብትነግራት እንደገና ደግነት ነው የሚባልላት፤ ብትታመን ደግሞ ይህች ልጅ ዛሬ ያገኘችውን አባት ዛሬውኑ ልታጣው ነው።

«አሁንሳ ቀለለሽ፣ እማ?» አለቻት እፀገነት። «ሐኪሙ እንዳለው?»

«ቀለለኝ» አለች ደጊቱ፤ የቀሩላትን ጥርሶች ነክሳ መንገዷን ቀጠለች።